አቶ እንከን ያመሰገኑት ግድግዳ

«ይሄንን ማን ነው የለሰነው?» አሉ አቶ እንከን። አፍንጫቸው ግድግዳውን ሊነካ ምንም አልቀረው።

ቀጮ ክው አለች። አቶ እንከን የሰፈር ልጆች ያወጡላቸው ስም ነው፤ አነሳቸው እንጂ አልበዛባቸውም። ፀሐይ ብትወጣ «በዛ»፣ ዝናብ ቢዘንብ «ዘገየ» የሚሉ ሰው ናቸው። በገዛ ልጃቸው ሰርግ ላይ እንኳ «ሙሽራው ጎበጥ ይላል» ብለዋል፣ ያውም ማይክ ይዘው። የቤታቸው የውጭ ግድግዳ ልስን እየተሰነጠቀ መርገፍ ሲጀምር ለሳኟን የቀጮን አክስት ጠሩ። አክስትየው ደግሞ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ቀጮን አስከትላ መጣች፤ ትናንት ከበሩ አጠገብ ያለውንና ሌላም ቦታ ለብቻዋ ሰጥታት ነበር።

«እኔ ነኝ አባባ።»

ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «አንቺ? እንከን የለውም እኮ!»

ጉድ ነው! አክስቷ ከመሰላሉ ላይ ልትወድቅ ነበር። ቀጮማ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። አቶ እንከን ያመሰገኑት ሰው እስከ ዛሬ ተሰምቶ አይታወቅም።

ደስ እንዳላት አክስቷ ስታደርግ እንዳየችው ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረገችው። ከጡቡ ጋር በደንብ የተያያዘ ልስን ደረቅ ድምፅ ያወጣል። ይሄኛው ግን «ዱም» አለ። ዝቅ ብላ መታች፤ «ዱም»። ከውስጥ ባዶ ነው!

ወዲያው ትዝ አላት። ከመለሰን በፊት ጡቡ ውሃ መጠጣት አለበት፤ አለዚያ የልስኑን ውሃ ይመጥጥና ልስኑ አይይዝም። ትናንት ባልዲውን አንስታ ሳለ ጓደኛዋ ደወለች፤ ሲሳሳቁ ቆዩና ውሃው ተረሳ። አክስቷ «አጠጣሽው?» ስትላት ደግሞ ዓይኗን ሳታሽ «አዎ» አለች።

ቀና ስትል አቶ እንከን ወንበራቸውን ጎትተው እዚያው ግድግዳ ስር ተቀምጠዋል፤ መላጣቸውን ልስኑ ላይ አስደግፈው። ከመላጣው በላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ታየቻት።

«አባባ፣ እዚያ ማዶ ጥላው አይሻልዎትም?»

«ጥላ ወገብ ይይዛል።»

«እዚህ ጉንዳን አይቻለሁ።»

«ይንከሰኝ! ልስኔን ተደግፌ ነው።»

ጭራሽ «ልስኔ» ሆነ! ይባስ ብለው ጎረቤታቸውን ልብስ ሰፊዋን ጠሩ። «ነይማ፣ ሥራ እንዲህ ነው የሚሠራው! አንቺም የሱሪዬን እግር ስትሰፊ እንዲህ ብታደርጊው ምን ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ በአድናቆት ግድግዳውን ዳሰሰች። ቀጮ ስንጥቋን ሰረቅ አድርጋ አየች። ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ ቢያንስ እስኪወድቅ ድረስ። ግን የሚወድቀው እሳቸው አናት ላይ ነው። ብትናገር ደግሞ ይህችን አንዲት ምስጋና ትነጠቃለች፤ አክስቷም ሁለተኛ አታምናትም።

«አባባ፣ እባክዎ ይነሱልኝ።» ወደ መሰላሉ ዞረች። «አክስቴ፣ ዋሽቼሻለሁ። ውሃ አላጠጣሁትም።»

ሰውየው ገና ከመነሳታቸው ልስኑን አንዴ በመዶሻ አለችው። ቁራጩ ሳይሰበር፣ ሙሉውን ሸተት ብሎ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። የእንጨቱ ወንበር አንድ እግሩን ለቀቀ።

አቶ እንከን መላጣቸውን ዳበስ አደረጉና ጎንበስ ብለው ቁራጩን ገለበጡት። ጡቡን ፈጽሞ ስላልያዘ ጀርባውም ከፊቱ እኩል ለስላሳ ነው።

«እዩልኝ! በጀርባውም እንከን የለው!» አሉ። ልብስ ሰፊዋ ሳቋ አመለጣት። ያኔ ነው የተለመደው አመላቸው የተመለሰው። «እኔማ ድሮም ጠርጥሬ ነበር። መልኩ ራሱ ደስ አይልም። እንዲህ ያለ ልስን ደግሞ ልስን ይባላል?»

አክስትየው ከመሰላሉ ወረደች። «ዓይኔን እያየሽ ነው 'አዎ' ያልሽኝ?»

«አዎ» አለች ቀጮ፤ ይሄኛው 'አዎ' ግን እውነት ነው።

አክስትየው ባልዲውን አቀበለቻት። «በይ፣ ይሄን አጽጂና እንደገና እንለስነዋለን። በዚሁ ይብቃ።»

አቶ እንከን እንዴት ቀድመው እንደጠረጠሩ ለልብስ ሰፊዋ እያስረዱ ነበር። ቀጮን ማንም አያያትም። ቀና ብላ ከመስኮቱ በላይ ያለውን ልስን አየች፤ ትናንት ከሰዓት የሠራችው ነው። ቆንጆ ሆኗል። እስካሁን ማንም አልመታውም፤ ማንም አልጠየቃትም።

መዶሻውን አነሳች።

«አክስቴ፣ መሰላሉን ያዢልኝ። ከመስኮቱ በላይ ያለውንም አላጠጣሁትም።»