ሲነጋ የሚረሳ መኪና

ኡርማት ለአራተኛ ጊዜ ጋራዣችን በር ላይ ሲደርስ ሞተሩ ሁለቴ አስነጥሶ ጠፋ። እኔም መፍቻዬን ወርውሬ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ።

«እንዴት አደርሽ፣ ቤጊማይ?»

«አንተ እስክትመጣ ደህና ነበርኩ።»

በብርዳሟ ናሪን ከተማ መኪና የምጠግን ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ባለ ጋራዡ አጎቴ ኤሴንጉል ደግሞ ቁርጡን ነግሮኛል፦ ይህ መኪና ዳግመኛ አንድ ጊዜ እንኳ ከተመለሰ ቱታዬን አውልቄ ወደ መንደሬ እመለሳለሁ።

አሮጌ የጃፓን መኪና ነው። ተለቅ ያሉ የነዳጅ መርጫዎችና ሰፋ ያለ የአየር ማስገቢያ የገጠምኩለት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ እንከን አልነበረውም። የሞተሩ ኮምፒውተር ግን የለመደው የድሮውን ልክ ነው። ጭሱን እያሸተተ፣ እየቀነሰና እየጨመረ፣ አዲሱን ልክ በጥቂት ቀን መንዳት ራሱ ይማራል። ይህንን ለኡርማት ሦስቴ ነግሬዋለሁ።

«ነዳኸው?»

«ቀኑን ሙሉ! ወደ ማታ በግ ይሆናል፤ ጠዋት ያብዳል።»

«ባለቤቱን መስሎ ነዋ፤ የነገሩት አያድርበትም።»

ሳቀ። በዚያ ሳቁ፣ በኋላ አብረን ባሳለፍነው ሰባት የትዳር ዓመት ሙሉ ስናደድ ኖሬያለሁ። እሱ ከሞተ ወዲህ ግን የሚያናድድ ሰው ማጣት ምን ያህል እንደሚከብድ አየሁ።

አጎቴ ከውስጥ ወጣ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ተባብለን ነበር?»

«ጋሼ፣ እሷ ምንም...» አለ ኡርማት።

«አንተ ዝም በል!» አልኩት። «ቁልፉን አምጣ። ዛሬ እኔ ነኝ የምነዳው።»

ወንዙን ተከትለን ሄድን። እሱ መንገዱን ትቶ እጄን ያያል፤ እኔ እንዳላየሁ ሆኜ ማርሽ እቀይራለሁ። አሥር ሰዓት ላይ ሞተሩ ጸጥ፣ ለስለስ አለ። ቤታቸው ደጃፍ ስናቆም እናቱ ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ለባትሪው ምድጃው አጠገብ ቦታ አበጅቻለሁ።»

«የምን ባትሪ?» አልኩ።

«የመኪናው ነዋ» አለ ኡርማት። «በዚህ ውርጭ ደጅ ይደር? ማታ ማታ ነቅዬ አስገባዋለሁ።»

በናሪን በጥር ይህን የማያደርግ የለም፤ እኛም ቤት ባትሪ ከሰው ጋር ነው የሚያድረው። ለዚህም ነው ልጠይቀው ያላሰብኩት።

«ባትሪው ሲነቀል የተማረው ሁሉ ይጠፋበታል! ምስኪኑ በየጠዋቱ ከሀ ነው የሚጀምረው!» በእሱም በራሴም ተቃጥዬ ጮህኩ። «የሱፍ ምንጣፍ ደርብበትና እዚያው ይደር!»

ከዚያ አራት ቀን ድምፁ ጠፋ። መኪናው ባለመመለሱ ደስ ሊለኝ ሲገባ በሩን በሩን ማየት ጀመርኩ። በአምስተኛው ቀን በእግሩ መጣ።

«ደግሞ ተበላሸ?» አለ አጎቴ።

«መኪናው ደህና ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ፈለግህ?»

ኡርማት ጫማውን ያያል። ጆሮው ቀልቷል። አጎቴ እሱንም እኔንም ተራ በተራ አየና ተነፈሰ።

«እሺ፤ ግን ሥራዋን አታስተዋትም። ያንተን መኪና የቻለች ሠራተኛ ከየት አመጣለሁ?»

«ኧረ እኔ ጋሼ፣ በጭራሽ...»

«እናንተዬ!» አልኩ ከሞተሩ ሥር ብድግ ብዬ። «እኔን የሚጠይቀኝ ሰው የለም?»

ሁለቱም ዞሩ። ኡርማት ኮፍያውን አወለቀ።

«ቤጊማይ፣ ታገቢኛለሽ?»

«ቆይ» አልኩት፣ «መጀመሪያ እጄን ልታጠብ።»