የሃምሳ አለቃ ላቀው ጉልበት

«ብረቱ አጥንቱን በልቶታል፤ አሁን የቆመው በባዶ ላይ ነው።»

መርማሪው መቶ አለቃ ዳኘው ይህን የሰማው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሆስፒታል ውስጥ በመጋረጃ ማዶ ነው። ሐኪሙ ለአንድ ወታደር ሲያስረዳ ነበር፤ ብረቱ ወጥቶ ረዘም ባለ እንደሚለወጥ፣ የጎደለው አጥንት ከዳሌው ተወስዶ እንደሚሞላ፣ ተራው እስኪደርስ በትሩን በአንደኛው እጁ ብቻ እንዲይዝ። በየትኛው እንደነበር ዳኘው ዘንግቶታል።

በሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. ጥቅምት፣ ያ ወታደር፣ ሃምሳ አለቃ ላቀው፣ ማንኩሳ አጠገብ ገደል ሥር ሞቶ ተገኘ። በኦጋዴን ጦርነት የደቀቀው ቀኝ ጉልበቱ ውጭ አገር በብረት ተተክቶለት ነበር። ሬሳውን ማለዳ ያገኙት ጎረቤቱ፣ ወጌሻው አያ ክንዱ ናቸው።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር የሟቹን ታናሽ ወንድም ታከለን አስሮታል። በግጦሽ ድንበር ተጣልተው ነበርና «የአብዮት ወታደር ገዳይ» ተብሎ ወደ ፍኖተ ሰላም ሊላክ ነው። እንዲህ ተብሎ የሄደ አይመለስም።

ዳኘው ሬሳውን ሳይቸኩል አየ። መዳፉ አልተላጠም። ቀኝ ጭኑ አብጦ ጠቁሯል። ጉልበቱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። በትሩ ቀኝ እጁ ውስጥ ነው።

የሟቹን ሚስት እታለምን ስለ በትሩ ጠየቃት።

«በግራው ነበር የሚይዝ። ሐኪሙ በደህናው በኩል ያዝ ብሎታል። ታከለም ሲያቀብለው በግራው ነው።»

ትናንት ቀትር ላይ ወዴት እንደሄደ ግን አልነገራትም። የሆስፒታሉን ተራ መጠበቅ ሰልችቶት ነበር።

ዳኘው ሁሉንም ከለቅሶው ዳስ ሰበሰባቸው። ታከለም እንደታሰረ መጣ።

«ከገደል የሚወድቅ ሰው የያዘውን ይቧጥጣል፤ የሱ መዳፍ ደህና ነው። ጭኑ ያበጠው አጥንቱ ሲሰበር በሕይወት ስለነበረ ነው፤ ለሰዓታት ውስጥ ለውስጥ ደምቷል። ስለዚህ ሌላ ቦታ ሞቶ ነው እዚያ የተጣለው። በትሩን ያስያዘው ደግሞ አብሮት የማይኖር ሰው ነው፤ ወንድሙ ቢሆን በግራው ያስይዘው ነበር።» ወደ ወጌሻው ዞረ። «ጉልበቱን በቅቤ ያሸው ማን ነው፣ አያ ክንዱ?»

ሽማግሌው እጃቸውን ተመለከቱ።

«ወለም ያለው መሰለኝ» አሉ። «ሲነካ ይላወሳል። አርባ ዓመት ወለምታ ስመልስ ኖሬ የሚላወሰው ብረቱ መሆኑን አልለየሁም። ሳብሁት፤ እንደ ደረቅ ሸንበቆ እጄ ላይ ቀጭ አለ። ፀሐይ ስትጠልቅ አረፈ። ፈራሁ፤ በበቅሎ ጭኜ ገደሉ ሥር ጣልሁት። እግዚአብሔር ያያል፣ ልገድለው አልነበረም።»

«ታከለ ሲታሰርስ?» አለች እታለም። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ ስል አፌ እምቢ አለኝ።»

ሊቀ መንበሩ የታከለን ገመድ ፈታ። ክንዱ ከመቶ አለቃው ጋር ወደ ጣቢያ ለመሄድ ተነሱ። እታለም ግን መንገዱ ላይ ቆመች። የላቀው እናት ጓዳ ውስጥ ናቸው፤ ልጄን ልጄ ገደለው ብለው ለሁለቱም እያለቀሱ ነው። እውነቱን ከሌላ ሰው አፍ እንዲሰሙት እንደማትፈቅድ ለክንዱ ነገረቻቸው።

ክንዱ ወደ ጓዳው ዞሩ።

«እሽ» አሉ፤ «እኔው እነግራቸዋለሁ።» ጎንበስ ብለውም ወደ ጓዳው ገቡ።