የዩተ አረማመድ

በሌምቪግ ከተማ፣ ወደቡን ቁልቁል በሚያየው ዳገት ላይ፣ ዩተ የምትባል ሴት ሁለት ልጆቿን ብቻዋን ታሳድግ ነበር። ባሏ አይናር ልጆቹ ገና ሳይጠነክሩ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞቶባታል። ዩተ ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ቆማ ስትበልት ትውልና፣ ጣቶቿ በበረዶ ውሃ ቀልተው፣ ዳገቱን እየተምዘገዘገች ወደ ቤቷ ትወጣለች። ጎረቤቶቿ በመስኮት ሲያዩዋት «ይቺ ሴት መሮጥ እንጂ መራመድ አታውቅም» ይሉ ነበር። ታላቁ ልጇ ትሩልስ አናጢ ሆነ። ታናሿ ሲልየ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከሥዕል በቀር የምትወደው ነገር አልነበራትም። የዳቦ መጠቅለያ ወረቀት እንኳ ከእጇ አያመልጥም። የሣለችው ሁሉ ደግሞ ዝም ብሎ እንዲቆም አትፈልግም፤ እንዲሮጥ፣ እንዲወድቅ፣ እንዲነሳ ነው የምትመኘው።

አድጋ የአኒሜሽን ትምህርት ቤት ለመግባት አመለከተች፤ አልተቀበሏትም። በዓመቱ ደግማ አመለከተች፤ አሁንም አልሆነም። በሦስተኛው ሲቀበሏት፣ ትሩልስ እራት ላይ ሹካውን አስቀምጦ ሳቀ።

«አራት ዓመት ሙሉ ካርቱን ልትማሪ? እኔ እስከዚያ ስንት ጣሪያ አቆማለሁ።»

«ያንተ ጣሪያ አይስቅ፣ አያለቅስ» አለችው።

«አያፈስም። እሱ ይበቃኛል።»

«ተዋት» አለች ዩተ፣ ጥቁር ዳቦዋ ላይ የጉበት ቅባት እየቀባች። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የምወደውን ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ከዚህ ቤት አንድ ሰው ይሞክረውና እንየው።»

ምነው የዚህ ቤት ታሪክ እዚያ ማዕድ ላይ ባበቃ ኖሮ…

ሲልየ ሁለተኛ ዓመቷን ስትጀምር፣ ዩተ ፋብሪካው ውስጥ ቢላዋዋን እንደያዘች ወደቀች። ስትሮክ ነበር። ከሆስፒታል ስትወጣ ቀኝ እጇ ደረቷ ላይ ታጥፎ ቀርቶ፣ ቀኝ እግሯ መሬት እየጠረገ፣ ምላሷም ከብዷት ነበር። ትሩልስ እናቱን ለማስታመም ቤቱን ለቅቆ እሷ ዘንድ ተመለሰ፤ ሊያገባት የነበረችው ልጅም ጠብቃ ጠብቃ ሄደች። ሲልየ ሻንጣዋን ይዛ መጥታ «ትምህርቱን ትቼዋለሁ» አለች። ዩተ ቃላቱን አንድ በአንድ እየጎተተች መለሰችላት።

«ተመለሺ። ካቆምሽ… እኔ ነኝ ያስቆምኩሽ። ያንን አልችለውም።»

ሲልየ ተመለሰች። ቅዳሜና እሁድ ግን ወደ ቤት ትመጣለች። ያን ጊዜ ዩተ እንደገና መራመድ ትማር ነበር። ከወጥ ቤት እስከ ደጃፉ ከዘራዋን ይዛ፣ ዳሌዋን ወደ ጎን ወርወር አድርጋ፣ እግሯን በግማሽ ክብ አዙራ ታመጣዋለች። ሚዛኗን ለመጠበቅ አንገቷን ወደ ፊት ትሰዳለች፤ የታጠፈው እጇም እንደ ክንፍ ይርገበገባል። ላብ ያጠምቃታል። በሩ ጋ ስትደርስ ግን አገር እንደያዘ ሰው ፈገግ ትላለች። ሲልየ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትሥላለች።

«ምን… ትሥያለሽ?»

«አንቺን።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዩተ ፀጉሯን በግራ እጇ እንደምንም አበጥራ፣ ሰማያዊ ሸሚዟን ለብሳ ጠበቀቻት። ምስኪን እናት! መልኳን የምትሥላት መስሏት ነበር።

የሲልየ የመመረቂያ ፊልም ባቡር እንዳያመልጣት ስለምትጣደፍ አንዲት ዝይ ነበር። ወራት ለፋችበት፤ ዝይዋ ግን ግዑዝ ሆና አስቸገረቻት። መምህሯ ፍሌሚንግ አይቶ «ትንቀሳቀሳለች እንጂ ሕይወት የላትም» አላት። ይህ ቃል አጥንቷ ድረስ ገባ። ያን ሰሞን የእናቷን ሥዕሎች አውጥታ፣ ዝይዋን በእናቷ እግር አስኬደቻት። ለተማሪዎቹ ስታሳያቸው ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ፍሌሚንግ እንባውን እየጠረገ «ይህን አረማመድ ከየት አገኘሽው?» ሲል ጠየቃት።

«ዝም ብሎ መጣልኝ» አለች።

ያ ሁሉ ላብ፣ ያ ሁሉ ወድቆ መነሳት… ዝም ብሎ መጣ? ሲልየ ክፉ ልጅ አልነበረችም። እናቷን ትወድ ነበር። ነገር ግን ሥራዋ ሲሰምርላት የሚሰማት ደስታ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ጸጥ ያሰኝባት ነበር።

ፊልሞቹ ሲኒማ ቤት የሚታዩበት የምረቃ ቀን ሲቃረብ እናቷ እንዳትመጣ ሰበብ ፈለገች። «መንገዱ ያደክምሻል፤ በኋላ እቤት አሳይሻለሁ» አለቻት። ዩተ አልሰማችም። ሰኔ ላይ ትሩልስ በመኪናው ይዟት መጣ። ተሽከርካሪ ወንበሩን ሊያወርድ ሲል «ተወው» አለችው። «በልጄ ቀን በእግሬ ነው የምገባው።» ሰማያዊ ሸሚዟን ለብሳ፣ በሲኒማ ቤቱ መተላለፊያ ሰው ሁሉ እያያት፣ እግሯን እያዞረች ከቦታዋ ደረሰች።

መብራቱ ጠፋ። ዝይዋ ሸራው ላይ ብቅ ስትል አዳራሹ ሳቀ። ዩተም መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ የራሷን ዳሌ አየች። አንገቷን አየች። የታጠፈውን ክንፍ አየች… ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ትሩልስ በጨለማው ውስጥ እጇን ያዘ፤ በረዶ ሆኖ ነበር።

ፊልሙ ከተመራቂዎቹ ሥራዎች አንደኛ ወጣ። ሲልየ መድረክ ላይ ቆማ አበባ ተቀበለች። ሰው ሁሉ ሲወጣ ዩተ አልተነሳችም። አዳራሹ ባዶ እስኪሆን ጠበቀች።

«ትሩልስ» አለች ቀስ ብላ። «ወንበሩን አምጣልኝ።»

ሲልየ አበባዋን እንደታቀፈች መጥታ እናቷ ፊት ተንበረከከች። «እማ… ልነግርሽ ነበር።»

«ታስቃለች» አለች ዩተ። «ሰው… እንዴት እንደሳቀ። ጎበዝ ነሽ። አንድም ነገር አልሳትሽም። እግሬን እንኳ።»

ብትሰድባት፣ በከዘራዋ ብትመታት ይሻላት ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዩተ በእግሯ አልቆመችም። መራመድ የምታለማምዳት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ስትመጣ «ዛሬ ደክሞኛል» ትላለች፤ በማግስቱም ያው ነው። ሐኪሙ ምናልባት ሌላ ትንሽ ስትሮክ ደርሶባት ይሆናል አለ። ትሩልስ አላመነውም። እውነቱን የምታውቀው ዩተ ብቻ ነበረች፤ እሷም አልተናገረችም። ሲልየ በየሳምንቱ እየመጣች እግሯ ሥር ትቀመጥ ነበር።

«እማ፣ ተነሺ። ለእኔ ስትይ ተነሺ።»

«ተቀምጬ ይሻለኛል።»

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አንድ የኮፐንሃገን ድርጅት ዝይዋን ለልጆች ተከታታይ ፊልም ፈለጋት፤ ሲልየንም ሊቀጥራት ጠራት። ሲልየ ይህን ለእናቷ ነገረቻት። «አረማመዷን እቀይረዋለሁ፣ እማ።»

«አትቀይሪው» አለች ዩተ፣ በመስኮቱ ወደቡን እያየች። «እሱን ከወሰድሽባት… ምን ይቀራታል?»

ይህ ይቅርታ ነበር? ወይስ ቅጣት? ሲልየ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ኅዳር ላይ እግሯ ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባዋ ሄዶ ዩተን ገደላት። ብዙ ከመቀመጥ ሊመጣ ይችላል አሉ ሐኪሞቹ። ከቀብሩ በኋላ ሐዘንተኛው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ቡና ሲጠጣ፣ ትሩልስ እህቱን ወደ ውጭ ጠራት።

«አልሰድብሽም» አላት። «እሷ ስላልፈለገች አልሰድብሽም። ግን እዚያ ቤት አትምጪ።»

«የእኔም እናት ናት እኮ፣ ትሩልስ።»

«የአንቺዋን አገር ሁሉ ያያታል። የእኔዋ ሞታለች።»

ይህን ብሎ ገባ። ከዚያ በኋላ ስትደውልለት አንስቶ አያውቅም።

ሲልየ ኮፐንሃገን ገባች። ልጆች ዝይዋን ወደዷት። አዲስ ሠዓሊዎች ሲቀጠሩ አረማመዷ ያስቸግራቸዋል። ያኔ ሲልየ ትነሳና በጠረጴዛዎቹ መካከል ትሄድላቸዋለች፤ ዳሌዋን ወርወር፣ እግሯን ዞር፣ አንገቷን ወደ ፊት። ይስቃሉ። «እስቲ አንዴ ድገሚልን» ይሏታል። ትደግምላቸዋለች። ከዚያ ቁጭ ብላ ትሥላለች። ለማንም ያልተናገረችው፣ ከሁሉ በላይ የሚያሳፍራት አንድ ነገር ግን አለ፦ ብዕሯን ስታነሳ አሁንም ደስ ይላታል።

ዕጣ ፈንታ ብዙውን ሰው የተመኘውን ነፍጋ ታስለቅሳለች። ሲልየን ግን የለመነችውን ሁሉ ሰጠቻት… ሙሉውን፣ ምንም ሳታጎድል። እንዲህ ያለውን ሰው ማን፣ ምን ብሎ ያጽናናዋል?