አርሴማ ዝናብ ልትሠራ ስትሞክር

ጆሯችሁን ወደዚህ አቅርቡ። ዛሬ የምነግራችሁ ድምፅ ስለጠፋባቸው ልጆች ነው።

አርሴማ የምትባል ልጅ ነበረች። ዳግም የሚባል ትንሽ ወንድም ነበራት።

ቤታቸው ጠባብ ነበር። ጣሪያው ደግሞ ቆርቆሮ ነበር።

ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ያወራል። መጀመሪያ «ጠብ… ጠብ…» ይላል። ቀጥሎ «ጣ! ጣ! ጣ!» ከዚያማ «ዷ ዷ ዷ ዷ ዷ!»

ዳግም ብርድ ልብሱ ውስጥ ጥቅልል ይላል። አርሴማ እቅፍ ታደርገዋለች። «ዷ ዷ ዷ ዷ ዷ!» ሲል የዳግም ዓይኖች ክድን ይላሉ።

አንድ ቀን ግን ትልቅ ቢጫ መኪና መጣ። እዚያ ሰፈር ሰፊ መንገድ ሊሠራ ነው ተባለ።

«ድርምስ!» ግድግዳው ወደቀ። «ቋጭ! ቋጭ!» ቆርቆሮው ተነቃቀለ።

ሰዎች መጡና ቆርቆሮውን ጭነው ሄዱ። አርሴማ መኪናው እስኪርቅ ድረስ ቆማ አየችው።

እነ አርሴማ ፎቅ ላይ ገቡ። ከእነሱ በላይ ሌላ ቤት አለ። ከዚያም በላይ ሌላ ቤት አለ።

አዲሱ ቤት ነጭ ግድግዳ አለው። የራሱ በረንዳ አለው። ግን ቆርቆሮ የለውም።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ዝናብ መጣ። ዳግም ብርድ ልብሱ ውስጥ ጥቅልል አለ። ጠበቀ። ጠበቀ።

ጸጥ።

«እማዬ፣ ዝናቡ የት ሄደ?» አለ ዳግም።

እናታቸው መጋረጃውን ገለጥ አደረገችለት። «ይኸው የኔ ጌታ፣ እየዘነበ ነው እኮ! እየው!»

ዳግም አየ። ዝናቡ በመስታወቱ ላይ ይወርዳል። ምንም አይናገርም።

«ይሄ አይደለም!» ብሎ አለቀሰ። «ዝናቡ የት ሄደ?»

ዳግም አልተኛም። በማግስቱም አልተኛም። ዓይኖቹ ቀሉ። ምግብ ሲሰጡት ፊቱን ያዞራል።

አርሴማ አጠገቡ ቁጭ አለች። «አይዞህ ዳጊ» አለችው። «እኔ ዝናብ እሠራልሃለሁ።»

ኩሽና ገባች። ባዶ የወተት ጣሳ አገኘች። ሽምብራ ጨመረችበትና ነቀነቀችው።

«ኳ! ኳ! ኳ! ኳ!»

ዳግም ጆሮውን ያዘ። «አይደለም! ይሄ ዝናብ አይደለም!»

አርሴማ አሰበች፣ አሰበች። «ገባኝ! ዝናብ እኮ ውኃ ነው!»

ትልቁን ትሪ ገለበጠች። ውኃ በጆግ ቀዳችና ከላይ ታንጠባጥብ ጀመር።

«ጢው… ጢው… ጢው…»

«አይደለም!» አለ ዳግም። «ይሄ ዝናብ አይደለም!»

ውኃው ከትሪው ወረደ። ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ምንጣፉ ውስጥ ገባ።

እናታቸው ስትመጣ እግሯ አዳለጣት። ለጥቂት ከመውደቅ ተረፈች።

«አርሴማ! ምንድን ነው ይሄ?» አለች። «ውኃ እኮ በስንት ጊዜ ነው የሚመጣው! አሁን በምን እናብስል?»

አርሴማ አንገቷን ደፋች። ምንጣፉን ከእናቷ ጋር ጨመቀች።

ግን ዳግም አሁንም አልተኛም።

ስለዚህ አርሴማ በረንዳ ወጣች። ድስት ደረደረች። ክዳን ደረደረች። ጠጠር ከፍ አድርጋ ለቀቀችባቸው።

«ቃ! ቂው! ቋ! ቃ! ቂው! ቋ!»

«አይደለም!» ዳግም ከውስጥ ጮኸ። «ይሄ ዝናብ አይደለም!»

«ኳ! ኳ! ኳ!» ይሄኛው ደግሞ በር ነው።

ከታች ያሉት ጎረቤት ጋሽ ቶሎሳ ናቸው። ራሳቸውን በሻሽ አስረዋል።

«ሙሉነሽ፣ ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ኳኳታ?» አሏት እናታቸውን። «አሞኝ ጋደም ባልኩበት! ሰው አይታሰብም እንዴ?»

እናታቸው በሃፍረት ቀላች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሽ ቶሎሳ። ሁለተኛ አይለመድም።»

በሩን ዘጋች። ድስቱን አነሳች። ሽምብራውን ከወተት ጣሳው ገለበጠችና ጣሳውን ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው።

«ሁለተኛ እንዳልሰማ!» አለች። «በቃ! ዝናብ አይሠራም!»

አርሴማ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአርሴማ እጆች ዝም አሉ።

ሳጥን ስታገኝ ቤት አትሠራበትም። ክር ስታገኝ ምንም አታስርበትም። እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ ትቀመጣለች።

«አርሴ፣ ዝናቡን አትሠሪልኝም?» ይላታል ዳግም።

«አልችልም» ትለዋለች። «እኔ ምንም አልችልም።»

እሑድ ቀን እናታቸው ወደ ድሮው ሰፈር ይዛቸው ሄደች። ቤቷ ያልፈረሰባት አንዲት ጓደኛዋ ታማ ልትጠይቃት ነበር።

አርሴማ ልቧ ድው ድው አለ። «ምናልባት አንድ ቆርቆሮ ቀርቶ ይሆናል! አንድ ብቻ!»

ሮጠች። ቤታቸው የነበረበት ቦታ ደረሰች። እናቷና ዳግም ከኋላዋ ተከተሏት።

ቤት የለም። በር የለም። ቆርቆሮ የለም። አቧራ ብቻ ነው።

አርሴማ በአፈሩ ውስጥ ፈለገች። ድንጋይ አነሳች፣ ከሥሩ አየች። ጫር ጫር አደረገች። ምንም የለም።

«የለም…» አለች። «የለም እማዬ! ምንም አልቀረም!»

መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። በዚህ ጊዜ ድምፅ አውጥታ ነው ያለቀሰችው። ዳግምም አብሯት አለቀሰ።

እናታቸው «ዝም በሉ» አላለችም። ቀሚሷ አቧራ ቢነካውም አጠገባቸው ቁጭ አለች።

አርሴማ ቀና ብላ አየቻት። የእናቷ ጉንጭ እርጥብ ነው።

«እማዬ፣ አንቺም?»

«እኔም» አለች እናቷ። «እኔም እንቅልፍ አይወስደኝም። ዝናብ በመጣ ቁጥር ጣሪያው እስኪናገር እጠብቃለሁ። ከዚያ ፎቅ ላይ መሆኔ ትዝ ይለኛል።»

ሦስቱም ተቃቅፈው ተቀመጡ። ብዙ ቆዩ። ማንም «አይዞህ»፣ ማንም «አይዞሽ» አላለም።

በታክሲ ወደ ቤት ተመለሱ።

እራት ተበላ። ዳግም አልጋው ላይ ወጣ። ዓይኖቹ ፍጥጥ እንዳሉ ናቸው።

እናታቸው ኩሽና ገባች። ተመልሳ ስትመጣ ሰፌድ ይዛለች። ሰፌዱ ላይ ትንሽ ሩዝ አለ።

ምንጣፉ ላይ ብርድ ልብስ አነጠፈች። «ጋሽ ቶሎሳን እንዳንረብሻቸው» አለች በሹክሹክታ። «ነይ አርሴምዬ።»

«አይሆንም እማዬ» አለች አርሴማ። «ሞክሬ ሞክሬ እምቢ ብሎኛል። ዝናብ መሥራት አልችልም።»

«ዝናብ ሥሪ አላልኩሽም። ዝም ብለሽ ነካኪ። እኔም እነካካለሁ።» እናቷ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አደረገች። «ያን ቀን ጣሳሽን ስጥል ምን ልትሠሪ እንደነበር እንኳን አልጠየቅኩሽም። መጠየቅ ነበረብኝ።»

አርሴማ እናቷን አየቻት። ከዚያ ሰፌዱን አየች። እጆቿ ግን ከብብቷ አልወጡም።

እናቷ ሰፌዱን ቀስ ብላ አዘነበለችው። ሩዙ ተንሸራተተ። «ሽሽሽሽ…» መልሳ አዘነበለችው። «ሽሽሽሽ…»

አርሴማ ሰማች። አንድ እጇን አወጣች። ከዚያ ሌላውን አወጣች።

አጠገቧ የካርቶን ሳጥን አለ። በጣቶቿ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው።

«ጥክ… ጥክ… ጥክ ጥክ ጥክ…»

«ሽሽሽሽ… ጥክ ጥክ ጥክ… ሽሽሽሽ… ጥክ ጥክ ጥክ…»

ዳግም ቀና አለ። አዳመጠ።

«አይደለም» አለ። «ይሄ ዝናብ አይደለም።»

የአርሴማ ጣቶች ቆሙ። እንባዋ መጣ። እጆቿን ወደ ብብቷ መለሰቻቸው።

«ለምን አቆምሽ?» አለ ዳግም።

«ዝናብ አይደለማ!»

«አይደለም» አለ ዳግም። «ጉንዳኖች ናቸው። ብዙ ጉንዳኖች! ጫማ አድርገዋል።»

አርሴማ ዓይኖቿን ጠራረገች። «ጫማ?»

«ቀይ ጫማ» አለ ዳግም። «አሸዋ ላይ እየሄዱ ነው። ቶሎ በይ፣ ቆመው እየጠበቁሽ ነው!»

እናታቸው ሰፌዱን አዘነበለች። አሸዋው መጣ። «ሽሽሽሽ…»

አርሴማ ጣቶቿን አስነሳች። ጉንዳኖቹ መጡ። «ጥክ ጥክ ጥክ ጥክ ጥክ…»

«ወዴት ነው የሚሄዱት?» ብላ ጠየቀችው።

«ወደ ቤታቸው» አለ ዳግም። «ግን ቤታቸው የት እንደሆነ አያውቁም።»

አርሴማ ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው ይሂዱ። ሲደክማቸው ያርፋሉ።»

«ጥክ ጥክ… ጥክ… ጥክ…»

«አንደኛው ደክሞታል» አለ ዳግም። ድምፁ አነሰ። «ጫማውን… አወለቀ…»

«ጥክ…»

«ሌላውም… አወለቀ…»

«ጥክ…»

ዳግም ተኛ።

ጋሽ ቶሎሳ አልመጡም። ማንም አልተቆጣም። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የዳግም ትንፋሽ ብቻ ነው።

«እማዬ» አለች አርሴማ በሹክሹክታ። «የድሮው ዝናብ አይመጣም፣ አይደል?»

«አይመጣም የኔ ልጅ» አለች እናቷ። አልዋሸቻትም።

አርሴማ የእናቷ ጭን ላይ ራሷን አስደገፈች። እናቷም ፀጉሯን ትዳብሰው ጀመር። ሁለቱም አዝነዋል። ሁለቱም ደክሟቸዋል።

«ነገ ደግሞ ምንድን ነው የምንሰማው?» አለች እናቷ።

አርሴማ ዓይኖቿን ከደነች። ጣቶቿ ግን ብርድ ልብሱ ላይ ቀስ እያሉ ይንቀሳቀሱ ነበር።

«አላውቅም» አለች። «ገና አልሠራሁትም።»