የባዶው ሰማይ ሹክሹክታ

እልፍነሽና ባሏ ሽፈራው ተራራው ላይ ካለችው ጣቢያ ሆነው ያረጁ ኮከቦችን ይፈልጋሉ። ኮከብ ሲያረጅ ከራሱ በወጣ አቧራ ተሸፋፍኖ ከዓይን ይሰወራል፤ የሚያጋልጡት በኢንፍራሬድ ካሜራ የሚታየው ሙቀቱና ግቢው ውስጥ የቆመው ትልቅ ሳህን መሰል አንቴና፣ ዲሹ፣ የሚለቅመው የሬዲዮ ሹክሹክታው ናቸው። ሞገዱ ይህን ሹክሹክታ ስለሚውጠው ሞባይል እዚያ ግቢ ኃጢአት ነው፤ ከቤቱ እስከ ዲሹ ያለው አንድ የገመድ ስልክ ብቻ ነው።

ያን ቀን ከምሳ በኋላ ጉም ወርዶ ግቢውን ዋጠው፤ የረጠበ ድንጋይ ሽታ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ክፍሉን ሞላው። እልፍነሽ የአንዱን ኮከብ ድምፅ ከቀዳች በኋላ እንደ ወትሮው ዲሹን ለማነጻጸሪያ ወደ ባዶ ሰማይ አዞረችው። ድምፁ መጥፋት ነበረበት፤ አልጠፋም፤ እንዲያውም ጎላ። ሽፈራው የየትኛው ቀበጥ ሞባይል ነው እያለ ተነጫነጨና ዲሹ ድረስ ሊያይ ወጣ። ሳንባው ብርድ አይችልም፤ ባለፈው ክረምት ለጥቂት ነው የተረፈላት። ካፖርትህን ደርብ ብትለው ሳቀባት።

ልቧ አላርፍ ቢላት ካሜራውን ወደ ዲሹ መለሰችው። ጉሙ ውስጥ ሽፈራው ሞቆ፣ ነጭ ሆኖ ታያት፤ ተመስገን አለች። አጠገቡ ግን ሰው የሚያህል ጥቁር ነገር ቆሟል። መጀመሪያ በራሷ ሳቀች። ከእያንዳንዱ ምስል በፊት ባዶ ምስል አንስተው ከዋናው ላይ ይቀንሱታል፤ ባዶው ሲነሣ ሰው ከነበረ፣ የቆመበት ቦታ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የእኔው ዝርክርክነት ነው፣ ሽፈራውን አብሬ አንስቼው ይሆናል አለች።

ባዶውን ስታነሣ ግን ሽፈራው እዚሁ አጠገቧ ሻይ እየጠጣ ነበር።

ይህ ትዝ ሲላት የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ጩኸት ጆሮዋ ውስጥ እየገነነ ሄደ። እንዲህ ያለ ጥላ ደግሞ ከቦታው ንቅንቅ አይልም፤ ይሄኛው ግን ብቻውን ወደሚያጉረመርመው ሽፈራው ጎንበስ አለ፣ አፉ ሥር ሆኖ የሚያዳምጠው መሰለ፣ ከዚያ ከስክሪኑ ወጣ።

እልፍነሽ ስልኩን አነሣች፤ ዲሹ ሥር ይጠራል፣ ይጠራል፣ የሚያነሣ የለም። ያለ እሱ ምን እሆናለሁ ብላ እንባዋ ሲመጣ በሩ ተንኳኳ።

«እልፌ፣ ክፈቺልኝ፤ በረደኝ።»

የስልኩን እጀታ ጠረጴዛው ላይ ጥላ ሮጣ ከፈተች፤ ተጠመጠመችበት፤ ሁለተኛ አትወጣም እያለች አንገቱን ሳመችው። ገላው በረዶ ነው፤ እጁ ቀስ ብሎ ጀርባዋን ያዘ። ከኋላዋ፣ ጠረጴዛው ላይ ከተወችው ስልክ፣ ሽፈራው «ሃሎ፣ እልፌ፤ እዚሁ ዲሹ ሥር ነኝ፤ ምነው?» አለ።