የድንቹ ማሳ ፍልፈል

የአቶ ሀብተ ማርያም ሬሳ የተገኘው ከጭላሎ ግርጌ፣ በገበሬ ማኅበሩ የወል ድንች ማሳ ዳር፣ ከቀዘቀዘ አመድ አጠገብ ነው። ሽማግሌው ግማሹ የተገመጠ ጥብስ ድንች እንደጨበጡ ነበሩ። አፋቸው ላይ አረፋ ደርቋል።

ከአሰላ የተላከው መርማሪ አስር አለቃ ኃይለመስቀል ነው። እሱ ያሠለጠናቸው ልጆች ትከሻቸው ላይ ኮከብ ሲደረድሩ፣ እሱ «ከአራተኛ ክፍል አላለፍክም» ተብሎ አስራ ስምንት ዓመት እዚያው ቀረ። ጭቃና ሬሳ ሲመጣ ግን ስንተኛ ክፍል ነህ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ሲደርስ የማሳው ጠባቂ ከዲሮ እጁን ታስሮ ጠበቀው።

«ነገሩ ያለቀለት ነው፣ ጓድ» አለ ሊቀመንበሩ ቡልቻ፣ ከጢቾ ከተማ ተሹሞ የመጣ ባለ ካኪ። «ማሳውን ፍልፈል ጨረሰብን። ለዚህ ሰውዬ የአይጥ መርዝ ብንሰጠው ሽማግሌውን አበላቸው። በግጦሽ ተጣልተው ነበር። ወስደህ እሰርልን።»

«ወላሂ አላበላሁም!» አለ ከዲሮ። «ድንች ሰንጥቄ፣ መርዙን ከትቼ፣ በእንጨት ስንጥር ሰፍቼ ትናንት ቀበርኩ። እንደታዘዝኩት! ስድስት ልጆች አሉኝ፣ ጌታዬ።»

«የፍልፈል ጉድጓድ ታውቃለህ?»

«እኔ የቆላ ሰው ነኝ፤ ግመል ይጠይቁኝ። አፈሩ የተነካበትን እያየሁ ቀበርኩ።»

አስር አለቃው ተንበርክኮ አፈሩን በጣቱ ይገልጥ ጀመር።

«ምነው፣ አንተም ፍልፈል ሆንክ?» ብሎ ሳቀ ቡልቻ።

ኃይለመስቀል ስድብ ይቆጥራል እንጂ አይመልስም። ተነሥቶ ወደ ሟች ሚስት ወደ ወይዘሮ አሰፋች ሄደ።

«እናቴ፣ ዓይናቸው ያይ ነበር?»

«ሞራ ከለበሰው ቆየ፣ ልጄ። በዳሰሳ ነው የሚሠራው።»

«መሬቱስ የማን ነበር?»

«የእሱ ነበር። መንደር ስንሰበሰብ ለወል ተወሰደ። ቃለ ጉባኤውን የጻፈው የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ልጃችን መርሻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም።»

አስር አለቃው መርሻን አስጠርቶ፣ ከእናቱ፣ ከቡልቻና ከከዲሮ ጋር አራቱንም ማሳው ዳር አቆማቸው።

«ፍልፈል ከሥር ነው የሚመጣው» አለ። «አገዳውን ወደ ታች ይጎትታል፤ አፈር ቆልሎ ቀዳዳውን ይደፍናል። ቁልሉ የታለ? ጃርት ቢሆን አገዳ ሰባብሮ፣ የተጋጠ ድንች ጥሎ ይሄዳል። እዚህ አገዳው ቆሟል። ትልልቁ ብቻ ተለቅሞ፣ ትንንሹ እንዲያድግ አፈር ተመልሶለታል። ለከርሞ የሚያዝን አውሬ አላውቅም። ይሄ የባለ መሬት እጅ ነው።»

«ሌባ ነበሩ በለኛ!» አለ ቡልቻ።

«የገዛ ድንቻቸውን በሉ ነው የምልህ። በተገመጠው ድንች ውስጥ የከዲሮ ስንጥር አለ። ሽማግሌው ራሳቸው አውጥተው ጠበሱት፤ ስንጥቁን ዓይናቸው አላየላቸውም። ከዲሮ አልሰጣቸውም። አሁን ንገረኝ፤ ፍልፈል ነው ያለህ ማነው?»

ቡልቻ ዞሮ አየ። «መርሻ ነዋ!»

«አንተ ከተሜ ነህ፣ ከዲሮ ቆለኛ ነው። መርሻ ግን እዚሁ ማሳ ላይ ነው ያደገው። አፈር መመለስ ማን አስተማረህ፣ መርሻ?»

መርሻ አፈሩ ላይ ቁጭ አለ። «አባዬ። እንዳያስሩት ብዬ ነው ፍልፈል ያልኩት። መርዝ ያመጣሉ ብዬ መች አሰብኩ?»

«ትናንት መርዙ መቀበሩን ስትሰማስ?»

«ደጃፉ ድረስ ሄድኩ። ሲያስል ሰማሁት። ሁለት ዓመት ሰላም ያላለኝን ሰው ምን ብዬ ልጥራው? ነገ እነግረዋለሁ ብዬ ተመለስኩ።»

«ለእኔስ?» አለች አሰፋች። «እኔ ሁለታችሁንም አናግር የለም?»

«ባሌ ሰረቀ ብለሽ እንዳታፍሪ ብዬ ነው፣ እማዬ።»

«ድንቹን የሚለቅምበትን ቅርጫት ማን የሚያሲዘው መስሎህ ነው?»

አስር አለቃው የከዲሮን ገመድ ፈታ። ከዲሮ የታሰረበትን እያሻሸ ሄዶ ሬሳው የተጋደመበትን ቃሬዛ አንዱን ጫፍ ያዘ። መርሻ ሌላውን ሊይዝ ሲመጣ እናቱ አልከለከለችውም፤ ግን ቀና ብላም አላየችው።