ዳንቴል የለበሰው አምፕሊፋየር

ሩታ የቀናችው በሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጓደኞቿ አውርታ ይወጣላት ነበር። በአምፕሊፋየር ቀናሁ ተብሎ ግን ለማን ይነገራል?

ካሌብ መናኸሪያ አካባቢ ባለች ጠባብ ሱቁ የድሮ ቴፕና የሸክላ ማጫወቻ ይጠግናል። የተዋወቁትም የአባቷን ቴፕ ልታሠራ የሄደች ቀን ነው። አሁን ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ እሺ ብሎ፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆርጧል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካሌብ ሲመሻሽ የሱቁን መብራት ያጠፋና ያንን ትልቅ አምፕሊፋየር ያበራል። ዘፈኑ ለስሙ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ብርማው ፊቱ ላይ የሚፈሰውን ሰማያዊ ብርሃንና ወዲያ ወዲህ የሚሉትን ሁለት ቀጫጭን መርፌዎች ያያል። የእንጨት ሳጥኑን በለስላሳ ጨርቅ ይወለውላል። «እሷኮ በዕድሜ ከኔ ትበልጣለች፤ ፊቷ ላይ ግን አንድ ጭረት የለም» ይላል። ሩታን ሲያናግር ግን የሚያየው ጫማውን ነው።

በዚህ ላይ ሰናይት መጣች። ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ታስተምራለች፤ የድሮ ዕቃ ፎቶ ማንሳት ትወዳለች። እሷና ካሌብ ስለ አንዲት የድምፅ መቆጣጠሪያ ቁልፍ ውበት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ያወራሉ። ሩታ አጠገባቸው ተቀምጣ ፈገግ ማለት ደከማት።

አንድ ቀን ከሰዓት ካሌብ ዕቃ ሊያደርስ ሐይቅ ዳር ወዳለ ሆቴል ሲሄድ ሱቁን ለእሷ ተወላት። አምፕሊፋየሩ ለሙከራ እንደበራ ነው። ሰናይት ፎቶ ልታነሳው እንደምትመጣ ነግሯታል።

ታቦር ሰፈር፣ እናቷ ቤት፣ ቴሌቪዥንም ሆነ ሬዲዮ ዳንቴል ሳይለብስ አይቀመጥም። ሩታ ለትዳር ቤቷ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል ከቦርሳዋ አወጣችና አጥፋ ደርባ፣ አናቱንም ፊቱንም ሸፈነችው። አሁን ትምጣና ታንሳ፣ አለች በሆዷ።

ሙቀቱ የሚወጣው በአናቱ ቀዳዳዎች እንደሆነ አላወቀችም። የተቃጠለ ነገር ሲሸታት ዳንቴሉን ገፍፋ ሶኬቱን ነቀለች። ሰማያዊው ብርሃን ግን ቀድሞ ጠፍቷል። ቀና ስትል ካሌብና ሰናይት ከአንድ ባጃጅ ሲወርዱ አየች። መንገድ ላይ ተገናኝተው ይሁን ተቀጣጥረው፣ ለእሷ ያው ነበር።

ሰናይት አምፕሊፋየሩን ነክታ ሲያቃጥላት እጇን ሰበሰበች፤ አናቱ ቀዳዳ ላይ የቀረ ነጭ ክርም አየች።

«በበራ ዕቃ ላይ ጨርቅ የሚያለብስ ማነው?»

ካሌብ ሩታ ከኋላዋ የደበቀችውን ዳንቴል አየ።

«እኔ ነኝ» አለ። «አቧራ እንዳይገባ ብዬ።»

ሰናይት ካሌብን ሰው የተለወጠባት ያህል አየችው። ሌላ ቀን እመለሳለሁ ብላ ወጣች። ሩታ መቆጣቱን ጠበቀች፤ አልተቆጣም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት።

«ሠርጉ ይቅር ካልክ ይገባኛል» አለች።

«በሰናይት ቀንተሽ ነው?»

«በሁለቱም። አምፕሊፋየሯን በምታይበት ዓይን አንድ ቀን አይተኸኝ አታውቅም።»

ካሌብ እንደ ልማዱ ወደ ጫማው አቀረቀረ።

«አምፕሊፋየሯ መልሳ አታየኝማ» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺ ቀና ስትይ ግን ዓይኔን የማሳርፍበት ይጠፋኛል። እንዳትስቂብኝ እፈራለሁ።»

ሩታ ዳንቴሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ፍራ» አለችው። «ግን እየኝ።»

ካሌብ ቀና አለ። ግንባሩን ላብ ላብ አለው፤ ዓይኑን ግን አልነቀለም። ቀድማ ያቀረቀረችው ሩታ ነበረች።